ሪሞቱ ኪስ ውስጥ ሆኖ መኪናው ሲከፈት

ሰሞኑን የደረሱን ደብዳቤዎች ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ነው የሚያርፉት። ዘመናዊ መኪና ላይ ያለው ነገር ሁሉ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባ ነው ወይ? አምስቱን መርጠን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። መኪና ልቀይር ነው፤ ሁለት መኪና ላይ ደርሼ ቆሜያለሁ። አንደኛዋ በቁልፍ ተከፍታ በቁልፍ የምትነሳ ናት። ሌላዋ ሪሞቱ ቦርሳዬ ውስጥ እያለ እጀታውን ስነካ ትከፈታለች፣ በተን ስጫን ትነሳለች። ሕፃን ልጅ ስላለኝ ልቤ ወደዚህችኛዋ ነው። ባለቤቴ ግን «ሌባ ሳይነካት ከፍቶ ይወስዳታል» ብሎ አልስማማ አለኝ። ማንኛችን ነን ልክ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ልጅ ታቅፎ፣ በሁለት ጣት ዕቃ አንጠልጥሎ፣ ቦርሳ ውስጥ ቁልፍ ሲፈልግ የቆየ ሰው ይህን ነገር ቅንጦት ነው አይልም። እኔም አልልም። ጣታቸው ቁልፍ ለማዞር ለሚቸገር፣ የመገጣጠሚያ ሕመም ላለባቸው ሰዎች ደግሞ ትልቅ እፎይታ ነው።

የባለቤትዎ ስጋትም መሠረት አለው። አሠራሩን ልንገርዎ። እጀታውን ሲነኩ መኪናዋ በዝቅተኛ ሞገድ፣ ብዙውን ጊዜ በ125 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ፣ «ሪሞቴ አለህ?» ብላ ትጠይቃለች። ይህ ሞገድ ሩቅ አይሄድም፤ አንድ ሁለት ሜትር ቢሄድ ነው። ሪሞቱ ይህን ሲሰማ በሌላ ሞገድ፣ እንደየአገሩ በ315 ወይም በ433 ሜጋ ኸርዝ፣ ምስጢራዊ ኮዱን ይመልሳል። በሩ ይከፈታል። ችግሩ ምን መሰለዎት፣ መኪናዋ የምታረጋግጠው ኮዱን እንጂ ርቀቱን አይደለም። መልስ ከመጣ ሪሞቱ አጠገቧ እንዳለ ትቆጥረዋለች።

ሌቦቹ የሚገቡት በዚህች ቀዳዳ ነው። ሁለት ሆነው ይመጣሉ። አንዱ መኪናዋ አጠገብ ይቆማል፣ ሌላው የቤቱን በር ወይም ግድግዳ ይጠጋል። የያዙት መሣሪያ የመኪናዋን ጥያቄ ተቀብሎ ቤት ውስጥ ላለው ሪሞት ያደርሳል፣ የሪሞቱን መልስ ደግሞ ይዞ ይመለሳል። ኮድ መስበር የለ፣ መስታወት መስበር የለ። እ.ኤ.አ. በ2011 የዙሪክ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የ8 አምራቾችን 10 ሞዴሎች በዚህ ዘዴ ሞክረው አንዱም አልተቋቋማቸውም። ሞተሩ አንዴ ከተነሳ ደግሞ ሪሞቱ ቢርቅም አይጠፋም፤ መንገድ መሀል ድንገት እንዳይቆም ተብሎ ለነጂው ደህንነት የተደረገ ነው።

ታዲያ ይቅርብዎት ማለቴ አይደለም። ሻጩን ሦስት ነገር ይጠይቁልኝ። መጀመሪያ፣ ሪሞቱ ለተወሰኑ ደቂቃዎች ሳይንቀሳቀስ ሲቀር ራሱ ይተኛል ወይ? ጠረጴዛ ላይ የተኛ ሪሞት ለሌባ አይመልስም። ሁለተኛ፣ ያለ ቁልፍ መክፈቱን ብቻ ነጥሎ ማጥፋት ይቻላል ወይ? በብዙ መኪኖች ይቻላል፣ መመሪያው መጽሐፍ ላይ አለ፣ ግን የሚያነበው ሰው ጥቂት ነው። ሦስተኛ፣ ርቀት ይለካል ወይ? አልትራ ዋይድባንድ የሚባለውን ቴክኖሎጂ የሚጠቀሙ አዳዲስ መኪኖች ሞገዱ ሄዶ ለመመለስ የፈጀበትን ጊዜ ስለሚለኩ፣ በመሀል የሚያቀባብል መሣሪያ ሲገባ መዘግየቱ ያጋልጠዋል።

ከሦስቱ አንዱም ከሌለ ሞገድ የማያሳልፍ ትንሽ ከረጢት ይግዙና ማታ ማታ ሪሞቱን እዚያ ያሳድሩት። ከረጢቱን ግን በእምነት አይቀበሉ። ሪሞቱን ከትተው መኪናዋ አጠገብ ይቁሙና እጀታውን ይንኩ። ከተከፈተ ከረጢቱ አይሠራም ማለት ነው። ይህን ሙከራ በየጥቂት ወሩ ይድገሙት፤ የውስጡ ጨርቅ በመታጠፍ ብዛት ይሰነጠቃል። መለዋወጫውን ሪሞትም አይርሱት። ሰው የሚይዘውን ሸፍኖ ሁለተኛውን መሳቢያ ውስጥ ይተወዋል።

ለባለቤትዎ ደግሞ ይህን ይንገሩልኝ፦ ቁልፍ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። መኪናን ከስርቆት በእውነት የጠበቀው ኢሞቢላይዘር ነው፤ ቁልፉ ውስጥ ያለችውን ቺፕ ካላወቀ ሞተሩን የማያስነሳ። በአውሮፓ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ግዴታ ሆኗል። አሜሪካ ውስጥ ኢሞቢላይዘር ሳይገጠምላቸው የተሸጡ፣ በተራ ቁልፍ የሚነሱ መኪኖች ከ2021 ወዲህ በብዛት ሲሰረቁ ሁሉም አይቷል። ስለዚህ ያቺን ባለ ቁልፍ መኪና ከመረጣችሁም መጀመሪያ የምታጣሩት እሱን ይሁን።

አንድ ነገር አደራ ልበልዎት። ባለ በተን መኪና ሞተሯን ሳያጠፉ ሪሞቱን ይዞ መውረድ ያስችላል። ድሮ ቁልፉን ለመንቀል ሞተሩን ማጥፋት ግድ ነበር፤ ያ ልማድ ሕይወት ያድን እንደነበር ያወቅነው ከቀረ በኋላ ነው። ዛሬ ሞተሮች ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው። ከቤት ጋር በተያያዘ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ሞተሩ እየሠራ ትተው ገብተው በካርቦን ሞኖክሳይድ ጭስ የሞቱ ሰዎች አሉ። ሽታ የለውም፣ አይታይም። ሲወርዱ ዳሽቦርዱ መጥፋቱን በዓይንዎ ይዩ። ሁልጊዜ።

ጥያቄ፦ የሪሞቱ ባትሪ ቢያልቅ ምን ይዋጠኛል? ደጅ ቀረሁ ማለት ነው?

መልስ፦ አልቀሩም። ግን ቀድሞ ያላወቀ ሰው ደጅ መቅረቱ አይቀርም፤ እኔ ቀርቼ አይቻለሁ። ምሽት ነው፣ ዝናብ ይጥላል፣ እጀታውን እነካለሁ፣ ዝም። በተኑን እጫናለሁ፣ ዝም። ሩብ ሰዓት ያህል ቆሜ ከረጠብኩ በኋላ ነው አንድ የማላውቀው ሰው ቀርቦ ሪሞቱን ከእጄ የተቀበለኝ። ጎኑ ላይ ያለችውን ትንሽ መያዣ በጥፍሩ ገፋ አደረጋት፣ ውስጧ ተኝታ የነበረች ስስ የብረት ቁልፍ ተስባ ወጣች። የቁልፉ ቀዳዳ ግን የት አለ? እጀታው ጫፍ ላይ ያለችውን የፕላስቲክ ሽፋን ከሥር ቆንጠር አድርጎ አነሳት። ቀዳዳው እዚያ ነበር። ያን መኪና ሦስት ዓመት ነድቼዋለሁ፤ እዚያ ቀዳዳ እንዳለ አላውቅም ነበር።

በሩ ተከፈተ እንበል፤ ሞተሩስ? ሪሞቱ ውስጥ ያለችው ቺፕ ያለ ባትሪም ትሠራለች፣ ኃይሏን ከመኪናው ነው የምታገኘው፤ ግን በጣም መጠጋት አለባት። በአንዳንድ መኪና ሪሞቱን ራሱን የማስነሻው በተን ላይ አስደግፈው ይጫናሉ። በሌላው መሪው ሥር የተመለከተ ቦታ አለ፣ በሌላው ደግሞ ማርሹ አካባቢ ሪሞቱ ልክ የሚቀመጥባት ጎድጓዳ ቦታ ትኖራለች። የእርስዎ የት እንደሆነ ዛሬውኑ፣ በቀን ብርሃን፣ ዝናብ ሳይጥል ይፈልጉት።

ባትሪዋ በአብዛኛው ሲአር 2032 የምትባለው ጠፍጣፋ ክብ፣ 3 ቮልት ናት። ከፍቶ መቀየር ደቂቃ አይፈጅም። ከማለቋም በፊት ትናገራለች፦ በሩን ለመክፈት ሁለት ሦስት ጊዜ መንካት ሲጀምሩ፣ ከሩቅ ይሠራ የነበረው ተጠግተው ካልሆነ እምቢ ሲል። ያኔ ይቀይሯት። አሮጌዋን ግን ሕፃን በማይደርስበት ቦታ ያስቀምጡ፤ ልጅ ከዋጣት ጉሮሮውን በሰዓታት ውስጥ ታቃጥላለች፣ ቀልድ አይደለም።

ጥያቄ፦ ልጆቼ አዲስ መኪና ሊገዙልኝ ይፈልጋሉ። ሄጄ አየሁት። ሬዲዮው፣ ማቀዝቀዣው፣ ማሞቂያው ሁሉም አንድ ትልቅ ስክሪን ውስጥ ገብቷል። እኔ 40 ዓመት ሙሉ በእጄ ዳብሼ ነው የነዳሁት። እርጅና ነው የሚያስፈራኝ ወይስ እውነት አለኝ?

መልስ፦ አባቴ፣ እውነት አለዎት። ዕድሜ አይደለም። እጅ የሚያውቀውን በተን ለመጫን ዓይን ከመንገድ አይነሳም። ስክሪን ግን ለስላሳ ነው፣ ጣት የሚይዘው ነገር የለም፣ የግድ ማየት ይፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ2022 አንድ የስዊድን የመኪና መጽሔት ይህንኑ ለክቶታል። 11 አዳዲስ ባለ ስክሪን መኪኖችንና አንድ የ2005 ቮልቮ በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር እያስነዳ፣ ነጂዎቹ እንደ ሙቀት ማስተካከልና ሬዲዮ መቀየር ያሉ ተራ ሥራዎችን እንዲሠሩ አደረገ። በአሮጌው ቮልቮ ሁሉም ነገር በ10 ሰከንድ አለቀ፤ መኪናው በዚያ ጊዜ የሄደው 306 ሜትር ነው። ከአዲሶቹ መጨረሻ የወጣው ከ44 ሰከንድ በላይ ፈጀበት። ከ1.3 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው፤ ያን ሁሉ መንገድ ዓይን ከስክሪን ወደ መንገድ፣ ከመንገድ ወደ ስክሪን እየተመላለሰ።

አምራቾችም እየተመለሱ ነው። የአውሮፓ የመኪና ደህንነት መመዘኛ የሆነው ዩሮ ኤንካፕ እ.ኤ.አ. ከ2026 ጀምሮ ለፍሬቻ፣ ለአደጋ መብራት፣ ለክላክስ፣ ለዝናብ መጥረጊያና ለድንገተኛ ጥሪ የሚዳሰስ በተን ወይም ማንሻ የሌለውን መኪና ነጥብ ይቀንስበታል።

ልጆችዎ ስለሚወዱዎት ነው፣ አያሳዝኗቸው። ግን ከመከፈሉ በፊት ቆማ ባለች መኪና ውስጥ ይቀመጡና፣ መስታወቱ ጉም ቢይዝ እንዴት እንደሚያጠሩት ሳያዩ፣ በእጅዎ ብቻ ይሞክሩ። ድምፁን ይቀንሱ። መጥረጊያውን ያስነሱ። እነዚህን ሦስቱን በመዳበስ ካገኟቸው የቀረው ስክሪን ቢሆንም ብዙ አያስጨንቅም። ካላገኟቸው ሌላ መኪና እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ መኪናዬን ልገዛ ነው፣ ያገለገለ። ብሬ ትንሽ ነው። የትኛው ዘመናዊ ነገር ላይ ላውጣ፣ የትኛውን ልተው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥሩ ጊዜ ላይ ጠየቅከኝ። ሁሉንም ነገር በአንድ ጥያቄ መዝነው፦ እኔ ስሳሳት ያድነኛል ወይስ እጄ በደንብ ይሠራው የነበረውን ይሠራልኛል? የመጀመሪያውን ግዛ። ሁለተኛው ካለ ይኑር፣ ከሌለ አትክፈልበት።

ከሁሉ በፊት መኪናው እንዳይንሸራተት የሚይዘው ሥርዓት፣ ኢኤስሲ የሚባለው፣ መኖሩን አረጋግጥ። መኪናው ከመሪው ትእዛዝ ውጪ መዞር ሲጀምር አንዱን ጎማ ብቻ ለይቶ ፍሬን ይይዝና ይመልሰዋል። አንተ ሳትሰማው ሥራውን ጨርሷል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2012 ሞዴል ጀምሮ፣ በአውሮፓ እ.ኤ.አ. ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ በሁሉም አዲስ መኪና ላይ ግዴታ ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠራ ከሆነ ግን ጠይቅ። በጸጥታ የሚሠራ ነገር ስለሆነ ማስታወቂያ ላይ በትልቁ አይጻፍም።

ቀጥሎ ራሱ ፍሬን የሚይዘው። ከፊትህ ያለው መኪና ድንገት ሲቆም አንተ ካልያዝክ እሱ ይይዛል። የአሜሪካ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች የሚደግፉት የመንገድ ደህንነት ተቋም መዝገቦችን አጥንቶ ከኋላ መግጨትን በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አግኝቷል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ብዙ ጊዜ ካሜራው ከፊት መስታወቱ ጀርባ ነው ያለው። መስታወቱ ከተቀየረ ካሜራው እንደገና መስተካከል አለበት፣ አለዚያ አቅጣጫው ሊስት ይችላል። ያገለገለ መኪና ስትገዛ መስታወቱ ተቀይሮ እንደሆነ፣ ከተቀየረም ካሜራው ተስተካክሎ እንደሆነ ጠይቅ።

የኋላ ካሜራም ያዝ። በስፖኪዮ የማይታይ ሕፃን በካሜራ ይታያል፤ ለእኔ ይሄ ብቻ ይበቃል። በጭቃ ሲሸፈን በጣትህ ጥረገው።

የጎማ አየር የሚጠቁመው መብራት ደህና ነው፣ ግን አትመካበት። በአሜሪካው ደንብ መብራቱ እንዲበራ የሚገደደው አየሩ ከሚመከረው 25 በመቶ ሲቀንስ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ጎማህ ብዙ ተበልቷል። በወር አንዴ ራስህ ለካ።

ትልቅ ስክሪን፣ የሚለዋወጥ የውስጥ መብራት፣ በእጅ ምልክት የሚታዘዝ ሬዲዮ፣ በሞተር የሚከፈት የኋላ በር፦ እነዚህን ተው። ሲበላሹ ያስለቅሱሃል። ያንን ብር ለአዲስ ጎማ አድርገው።

ጥያቄ፦ ያገለገለች መኪና አገኘሁ፣ ዋጋዋ ደህና ነው። ባለ በተን ናት፣ ግን ሻጩ አንድ ሪሞት ብቻ ነው ያለው። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። ሁለተኛው የት እንዳለ ማንም አያውቅም፤ የያዘው ሰው እንደ እርስዎ ይከፍታታል። ከመግዛትዎ በፊት ሪሞት ቀርጾ ከመኪና ጋር የሚያስተዋውቅ ባለሙያ ጋ ወስደው መኪናዋ ስንት ሪሞት እንደምታውቅ ያስነብቡ። ሁለተኛ ሪሞት ለማሠራት ስንት እንደሚጠይቅም በዚያው ይጠይቁና ከዋጋው ላይ ያስቀንሱ። ከገዙ በኋላ በዚያው ሳምንት የድሮዎቹን ሪሞቶች በሙሉ አስጠፍተው በእጅዎ ያሉትን ብቻ ያስመዝግቡ።