ያ ረጅም ጩኸት ከየት መጣ? የአንባቢያን ጥያቄና የእኛ መልስ

ጥያቄ፦ የእንግሊዙን ተከታታይ የፖሊስ ድራማ «ላይን ኦፍ ዱቲ» እያየሁ ነው። የጸረ ሙስና መርማሪዎቹ መቅረጫውን ሲከፍቱ አንድ የሚሰቀጥጥ ድምፅ ይጮኻል፤ እስኪያልቅ ሁሉም ተፋጠው ዝም። እውነት እንዲህ ይደረጋል?

መልስ፦ መነሻው እውነት ነው። ካሴት በእስክሪብቶ ያጠነጠነ ሰው ያስታውሰዋል፤ የክሩ መጀመሪያ ድምፅ የማይዝ ባዶ ፕላስቲክ ነው። በእንግሊዝ በ1984 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች ናቸው) የወጣውን የፖሊስና የወንጀል ማስረጃ ሕግ ተከትሎ የተጠርጣሪ ቃል በካሴት መቀረጽ ሲጀምር፣ ባዶው ክር እስኪያልፍ መሣሪያው እንዲጮኽ ተደረገ። ጩኸቱ ሳይቆም የተናገረ ሰው ቃሉ አይያዝም፤ ያልተያዘ ቃል ደግሞ ፍርድ ቤት ሲደረስ ለተከላካይ ጠበቃ ሲሳይ ነው። ካሴቱ ከአንድ በላይ ነው። ዋናው እዚያው ተጠርጣሪው ፊት ታሽጎ ይፈረምበታል፤ መርማሪው የሚሠራው በሌላው ቅጂ ነው። በኋላ «ቃሌን ቆርጠው ቀጠሉት» የሚል ከመጣ የታሸገው ይከፈታል። ዲጂታል መቅረጫ ባዶ ክር የለውም። ድራማው ግን ጩኸቱን አልለቀቀም፤ ያንን የዝምታ ጭንቀት የትም አያገኘውማ!

ጥያቄ፦ ሲመረመር «ኖ ኮሜንት» (የምሰጠው መልስ የለም) እያለ የሚቀመጥ ሰው ራሱን ማጋለጡ አይደለም?

መልስ፦ ግማሽ በግማሽ። በእንግሊዝና በዌልስ በ1994 በወጣ ሕግ መሠረት፣ ተጠርጣሪው ሲጠየቅ ያልተናገረውን ነገር በኋላ ፍርድ ቤት መከላከያ ቢያደርገው ዝምታው ሊታሰብበት ይችላል። በዝምታ ብቻ ግን አይፈረድበትም። ጠንቃቃ ጠበቃ አጭር የጽሑፍ ቃል አዘጋጅቶ መጀመሪያ ላይ ያስነብባል፤ ከዚያ በኋላ ዝም ማለት ነው። መርማሪዎቹም ሰነዱን በአንዴ የማይዘረግፉት ለዚሁ ነው። ፎቶውን ከማሳየታቸው በፊት «ያን ማታ የት ነበርክ?» ይላሉ፤ ከዋሸ በኋላ ፎቶው ይወጣል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ተጠርጣሪው መልሱን ከፎቶው ጋር ያስማማዋል።

ጥያቄ፦ ከስድስተኛው ምዕራፍ ብጀምርስ?

መልስ፦ አይሆንም። እስከ ስድስተኛው ምዕራፍ ተደምሮ 36 ክፍል ነው፤ የ2012ቱ የመጀመሪያ ምዕራፍ 5 ብቻ ነው። እዚያ ብስክሌት የሚጋልበውን ልጅ ፊቱን በአእምሯችሁ ያዙት። በአንድ ወንጀል ላይ ክስ እየደራረቡ «የተፈታ ወንጀል» ቁጥር ማሳበጥንም የሚያሳየው ይኸው ምዕራፍ ነው፤ ሙስና በፖስታ ከሚቀበሉት ገንዘብ በፊት በሪፖርት እንደሚጀምር።

ጥያቄ፦ መጨረሻው ላይ የሙሰኞቹ ፖሊሶች የተደበቀ አለቃ ያ ደካማ ሰው ሆኖ ሲገኝ ተናደድኩ። እንዲህ ያለ ነገር አለ?

መልስ፦ (ያልጨረሳችሁ እዚህ አቁሙ።) ክፍሉ እንደ ፈረንጆች ሜይ 2 ቀን 2021 ተላለፈ፤ የተናደደው ብዙ ነው። እኛ ግን ትክክለኛ ምርጫ ነው እንላለን። በዚያው ዓመት ጁን 15 ቀን የዳንኤል ሞርጋን ግድያ መዝገብን የመረመረ ገለልተኛ ቡድን ሪፖርት ወጣ። ሞርጋን የግል መርማሪ ነበር፤ በ1987 ደቡብ ለንደን ውስጥ በአንድ መጠጥ ቤት መኪና ማቆሚያ በመጥረቢያ ተገደለ። ምርመራው በተደጋጋሚ ተከፍቶ ማንም አልተፈረደበትም። የመጀመሪያው ምርመራ ሲበላሽ የግድያው ቦታ እንኳ በወጉ አልተፈተሸም ነበር። ይኸው ገለልተኛ ቡድን የለንደን ፖሊስ ስሙን ለመጠበቅ ሲል ጉድለቱን መደበቁን «ተቋማዊ ሙስና» ብሎ ጠራው። እዚያም ቢሆን ከመጋረጃ ጀርባ ሁሉን የሚዘውር ጎበዝ አለቃ አልተገኘም።