እጁን ምን ነካው?

ልጄ፣ ጥያቄሽ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት አለፈው። ሃያ ሦስት ዓመትሽ ነው፤ አስፈሪ ተከታታይ ድራማና የሳይንስ ልብ ወለድ ኮሚክ ከያዝሽ ሌላው ዓለም ይረሳሻል፤ ያየሽውን ክፍል ሁሉ በደብተር ትጽፊያለሽ፤ ሥራ ቦታ ግን «ማታ ምን ታያለሽ?» ሲሉሽ «ዜና» ትያለሽ። ልተወው ወይስ ተደብቄ ልቀጥል ነው ጥያቄሽ። «ቀጥዪ» ብዬ በአንድ መስመር ልገላገልሽ ነበር። «ደብተር» የምትለው ቃል ላይ ስደርስ ግን እጄ ቆመ። ስለ አንድ ደብተር አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ ለማንም ያልተናገርኩት ነገር አለኝ።

ስለዚህ መልሱ ሊረዝም ነው፤ እንዳንቺ ላሉትም ይሁንልኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመት በቴሌቪዥን ሙያ፣ አብዛኛውን በኤዲተርነት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁና ጊዜ አለኝ። እንቅልፋችሁን ጠብቁ፣ ትምህርታችሁን አትበድሉ የሚለውን ግን ከኔ አትጠብቁ፤ እሱን እናቶቻችሁ በየቀኑ ይነግሯችኋል።

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። በአንድ ቴሌቪዥን ጣቢያ በረዳት ቴክኒሻንነት ተቀጥሬ ነበር። ረዳት ማለት መብራት ይይዛል፣ ገመድ ይጠቀልላል፣ ወደተጠራበት ይሮጣል፤ ሌሊት ደግሞ ካሴት ያጠፋል። የዛሬ ልጆች ማጥፋት ሲባል ስክሪን በጣት መንካት ይመስላችኋል። ያን ጊዜ ዩማቲክ የሚባል፣ እንደ ወፍራም መጽሐፍ የሚከብድ ካሴት ነበር። ውድ ስለነበረ አንድ ፕሮግራም ከተላለፈ በኋላ ይጠፋና በላዩ ሌላ ይቀረጽበታል። ማጥፊያው ኃይለኛ ማግኔት ያለው ጠፍጣፋ ሣጥን ነው፤ ሲበራ ጠረጴዛው ራሱ ያጉረመርማል። ካሴቱን ላዩ ላይ አድርገሽ በዝግታ ታዞሪያለሽ፤ ከዚያ ማሽኑን ሳታጠፊ ካሴቱን ቀስ እያልሽ፣ ክንድሽ እስኪዘረጋ ድረስ ታርቂዋለሽ። ላዩ ላይ እያለ ማሽኑን ካጠፋሽው ቴፑ ውስጥ ድም፣ ድም የሚል ድምፅ ይቀራል። የመጀመሪያ ቀን የእጅ ሰዓቴን ሳላወልቅ ገብቼ ሰዓቷ አበደች፤ ሰዓት ሠሪው ቢነካካትም ከዚያ ወዲህ እውነት ተናግራ አታውቅም። የአባቴ ስጦታ ነበረች። ብቻ ወደ ነገሬ ልመለስ።

ጣቢያው በዚያ ዓመት አስራ ሦስት ክፍል ያለው አንድ አስፈሪ ድራማ ሠርቶ ነበር። ታሪኩ የአንድ ሌሊት ዘበኛ ነው። ዘበኛው የሚጠብቀው አሮጌ ሕንፃ ሊፍት፣ እኩለ ሌሊት ላይ ቁጥር በሌለው ፎቅ ይቆማል። በሩ ሲከፈት አንድ ቀን ገና ያልመጣ ዘመን ይታያል፣ አንድ ቀን ሰው የሌለበት ከተማ፣ አንድ ቀን ደግሞ ጨለማ ብቻ። ገንዘብ ስላልነበረን ጭራቁን አሳይተነው አናውቅም። ለጭንብል የሚከፈል ነገር ስለጠፋ መብራት፣ በርና የተዋናዩ ፊት ብቻ ቀረን። በኋላ በሙያው ውስጥ ስቆይ ገባኝ፤ ያ ድህነት ነው ድራማውን ያዳነው። ሰው ያላየውን ነገር ራሱ ይሠራዋል፤ የራሱን ጭራቅ ደግሞ ማንም የሜካፕ ባለሙያ አይደርስበትም።

እኔ ያን ድራማ እወደው ነበር። ግን በዜና ክፍል ለመቀጠር ደጅ እየጠናሁ ነበርና፣ የዜና ሰዎች ሻይ ሲጠጡ «ያ የሊፍት ቀልዳችሁ» ብለው ሲስቁ አብሬ እስቃለሁ። እንዲያውም ከሁሉም ጎላ አድርጌ።

ድራማው ካለቀ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጥቅል በፖስታ መጣ። አለቃዬ ገለጥ ገለጥ አድርገው «አንተው እይለት» ብለው ወረወሩልኝ። ባለ ሃምሳ ቅጠል ደብተር ነው። የላከው የአስራ ሦስት ዓመት ልጅ ነው። ድራማውን፣ ክፍል በክፍል፣ በኮሚክ መልክ ስሎታል! ገጹን በማስመሪያ በየሣጥኑ ከፋፍሎ፣ የሚነገረውን በፊኛ ውስጥ ጽፎ፣ ጨለማውን በእርሳስ ወረቀቱ እስኪያብለጨልጭ አጥቁሮ። በዚያ ዘመን መልሶ ማየት የሚባል ነገር አልነበረም። አንዴ በቴሌቪዥን ያየውን በጭንቅላቱ ይዞ፣ በማግሥቱ ተቀምጦ የሠራው ነው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ኮሚክ ለምታነቡ ይጠቅማችሁ ይሆናል። ኮሚክ ውስጥ ሊያስደነግጥ የተሠራ ሥዕል ቦታ አለው። ፊት ለፊት በተገለጡት ሁለት ገጾች ላይ ከሆነ ዓይን ቀድሞ ይሰርቀዋል። አዋቂ ሠዓሊ የበሩን እጀታ በቀኙ ገጽ መጨረሻ ሣጥን ላይ ያስቀምጥና፣ ከበሩ ጀርባ ያለውን ቅጠሉ ሲገለበጥ በሚመጣው ግራ ገጽ ላይ ያሳያል። ቅጠሉን የምትገልጪው አንቺ ነሽ፤ በሩን የከፈትሽው ራስሽ ነሽ ማለት ነው። ይህንን ለልጁ ያስተማረው ሰው ያለ አይመስለኝም፤ በአስራ ሁለቱም ክፍሎች ግን አልሳተውም። እኔ ደግሞ ከዓመታት በኋላ ኤዲተር ስሆን ይህንኑ ዘዴ ወደ ምስል አመጣሁት፤ ከመክፈቱ በፊት እጀታው ላይ ያለውን ምስል ተመልካቹ ከለመደው ትንሽ አስረዝመዋለሁ። «እንዴት አወቅከው?» ሲሉኝ «በልምድ» እል ነበር። ውሸቴን ነው።

አስራ ሁለቱ ነው ያልኩት። ስድስተኛው ክፍል ሲያልቅ ስድስት ባዶ ቅጠሎች ነበሩ፤ በማስመሪያ ሣጥኖቹ ተሰምረው፣ ውስጣቸው ግን ምንም የለም። አብሮ የመጣው ደብዳቤ አጭር ነበር። ሰባተኛው ክፍል የተላለፈ ቀን ታሞ ተኝቶ አምልጦታል። ቢቻል አንድ ጊዜ እንዲያሳዩት፣ ካልተቻለም የሆነውን እንዲነግሩት ይለምናል። ከታች አንድ ጥያቄ አለ፦ «ስምንተኛው ክፍል ላይ ዘበኛው እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ ነው የመጣው። እጁን ምን ነካው?»

ሰባተኛውን ክፍል ከዚያ በፊት በነበረው ማክሰኞ ሌሊት አጥፍቼዋለሁ። በዝርዝሩ ላይ የተጻፈው የካሴቱ ቁጥር ብቻ ነበር፤ የየትኛው ክፍል እንደሆነ ግን አውቄዋለሁ። ለስፖርት ቀረጻ ካሴት ያስፈልግ ነበር። ሌላ ካሴት ልተካ እችል ነበር፤ ማንም አይቆጥርብኝም። ቀስ ብዬ፣ ክንዴን ዘርግቼ፣ ድም ድም ሳላስቀር፣ አጥርቼ አጠፋሁት። በወሩ መጨረሻ አስራ ሦስቱም አልቀዋል።

ይህ ግን አይደለም የሚቆጨኝ። ታዝዤ ነው፤ በየአገሩም እንዲሁ ይደረግ ነበር። ቢቢሲ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1963 የጀመረውን «ዶክተር ሁ» የተባለ የሳይንስ ልብ ወለድ ድራማ ብዙ የቀድሞ ክፍሎች በዚሁ መንገድ አጥፍቷል። የሚገርመው የተረፈው ነገር ነው። ያኔ ልጆችና ጎረምሶች ማይክሮፎን ከቴሌቪዥኑ ድምፅ ማውጫ ፊት ደግነው፣ ቤተሰቡን ዝም አሰኝተው በቴፕ ይቀዱ ነበር። ዛሬ ምስላቸው ከጠፋው ክፍሎች መካከል ድምፁ ያልተገኘ አንድም የለም። ያንን ያተረፉት «ምን ይሠራልሃል ይሄ?» ይባሉ የነበሩት ልጆች ናቸው።

የሚቆጨኝ መልስ አለመጻፌ ነው። ካሴቱ ቢጠፋም ታሪኩን አውቀዋለሁ፤ ቀረጻው ላይ ነበርኩ። አንድ ገጽ፣ ቢበዛ ሁለት፣ አንድ ቴምብር። ግን መልሱ በስሜ ሊወጣ ነው፤ የዜና ክፍል ሰዎች «ለሊፍቱ ልጅ ደብዳቤ ይጽፋል» እንዳይሉኝ ፈራሁ። ነገ እጽፋለሁ ብዬ ደብተሩን መሳቢያዬ ውስጥ አስገባሁት። ከሁለት ወር በኋላ የዜና ክፍል ተቀበለኝ። ወደ ሌላው ሕንፃ ስዛወር መሳቢያውን ባዶ ሳላደርግ ሄድኩ። ተመልሼ ስጠይቅ ጠረጴዛው ራሱ የለም። የዚያ ድራማ በዓለም ላይ የቀረው ብቸኛ ቅጂ እዚያ ውስጥ ነበር። በዜና ክፍል የቆየሁት አስራ አንድ ወር ነው፤ አልተስማማኝም።

እንግዲህ ልጄ፣ «ዜና ነው የማየው» ስትዪ ይህ ሁሉ ነው የመጣብኝ።

አጎትሽ «ጭንቅላት ያበላሻል» ይላሉ ብለሽ ጽፈሽልኛል። ይህ ክስ ያረጀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 አሜሪካ ውስጥ ፍሬድሪክ ዌርታም የሚባል የአእምሮ ሐኪም ኮሚክ ልጆችን ወንጀለኛ ያደርጋል ብሎ መጽሐፍ ጻፈ፤ ጉዳዩ እስከ ሴኔት ደረሰ፤ በዚያው ዓመት አሳታሚዎቹ ራሳቸው የቁጥጥር ደንብ አወጡ፣ አስፈሪ ኮሚክም በዚያ ደንብ ታነቀ። በ2012 ካሮል ቲሊ የተባለች ተመራማሪ የሐኪሙን የግል ሰነዶች አገላብጣ፣ የታካሚ ልጆቹን ቃል እንደቀየረና እንዳጋነነ በማስረጃ አሳየች። ሃምሳ ስምንት ዓመት ዘግይታ!

ከዚያ ዘመን አንድ ስምንት ገጽ እንኳ የማትሞላ ታሪክ አለች፤ እስከ ዛሬ ትነዝረኛለች። ከምድር የተላከ ጠፈርተኛ ብርቱካናማና ሰማያዊ ሮቦቶች የሚኖሩበትን ዓለም ይመረምራል፤ ብርቱካናማዎቹ ሰማያዊዎቹን ለይተው፣ ዝቅ አድርገው ይገዛሉ። ልዩነቱ የላይኛው ቀለም ብቻ ነው። ጠፈርተኛው «ገና አልበቃችሁም» ብሏቸው ወደ መርከቡ ይመለሳል። በመጨረሻው ሣጥን የራስ ቁሩን ሲያወልቅ ጥቁር ሰው ነው፤ ላቡ በፊቱ ላይ እንደ ከዋክብት ያበራል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግመው ሊያትሙት ሲሉ የደንቡ ኃላፊ ጠፈርተኛው ጥቁር መሆን የለበትም አለ። አሳታሚው ዊልያም ጌንስ እምቢ አለ፤ እንዳለ አተመው። ድርጅቱ ያሳተመው የመጨረሻ ኮሚክ መጽሐፍ ያ ሆነ። ይህንን ለአጎትሽ አንብቢላቸው፤ ጭንቅላት የሚያበላሸው የቱ እንደሆነ እሳቸው ይፍረዱ።

አስፈሪ ነገር ምንም አያደርግም እያልኩ አይደለም። እኔ ራሴ በሃምሳ ዓመቴ አንድ ፊልም አይቼ ሦስት ሌሊት የኮሪደሩን መብራት አላጠፋሁም። ለገዛ ልጄም አስር ዓመት ሳይሞላት አልፈቀድኩላትም፤ ለካ በብርድ ልብስ ውስጥ በባትሪ ታነብ ኖሯል። ስይዛት የተቆጣሁት ለይስሙላ ነበር፤ የምታነበውን ቀምቼ እኔ ጨረስኩት።

በእናንተ ላይ ያለኝን ቅሬታ ግን ልናገር። አሥር ክፍል በአንድ ሌሊት ትጨርሳላችሁ፤ ይባስ ብሎ አፍጥናችሁ ታያላችሁ። ኤዲተሩ ያስረዘማትን ዝምታ፣ እጀታው ላይ የቆመችዋን ምስል፣ እናንተ ታሯሯጧታላችሁ። ፍርሃት ጊዜ ይፈልጋል። አንድ ሳምንት መጠበቅ የድራማው ግማሽ ነበር፤ ያ ልጅ ደብተሩን የሞላው በመጠበቁ ነው። ደግሞ «አስፈሪ አይደለም፣ ሳቅኩኝ» ማለት ጀግንነት ሆኗል። ብትፈሩ ምን አለበት? እርግጥ እኔም ባለፈው ክረምት አንድ ተከታታይ ኮሚክ ጀምሬ ሲነጋ አስራ ስምንተኛው ቅጽ ላይ ነበርኩ። ስለዚህ ከላይ ያልኩትን ግማሹን ብቻ ውሰዱ።

መደበቁን በተመለከተ፣ ልጄ፣ ለሁሉም አውሪ አልልሽም። የተደበቀ ፍቅር የራሱ ጣዕም አለው፤ እኔ ሠላሳ ዓመት ቀምሼዋለሁ። ግን ሲስቁ አብረሽ አትሳቂ። ዝም ማለት ይቻላል። ደብተርሽን ደግሞ የምታስቀምጪበትን ቦታ ለአንድ ሰው ንገሪ፤ ስለ መሳቢያ እንደኔ የሚያውቅ የለም።

ያ ልጅ ዛሬ ሃምሳ አምስት ዓመት ሆኖታል። ስሙን ረስቼዋለሁ፤ ባስታውሰውም እዚህ አልጽፈውም። ምናልባት ያነበው ይሆናል፤ ዘግይቷል፣ ቢሆንም።

ሰባተኛው ክፍል ላይ በሩ አይከፈትም። በዚያ ሳምንት ለመድረክ ሥራ የሚሆን ገንዘብ ስላልነበረ ሙሉውን ሃያ አምስት ደቂቃ ዘበኛው ከተዘጋው ሊፍት ፊት ቆሞ ነው። ከውስጥ የሕፃን ድምፅ ይሰማል። ተይዤ ነው፣ ጨለማ ነው ይላል። ዘበኛው ቁልፉን ሁሉ ይሞክራል። በመጨረሻ ድምፁ «አትክፈተው፤ እስኪነጋ እጄን ብቻ ያዘኝ» ይለዋል። ዘበኛው በበሩ ክፍተት ጣቶቹን ያስገባል፤ አንድ እጅ ይይዘዋል። ሲነጋ በሩ በራሱ ይከፈታል፤ ሊፍቱ ባዶ ነው። ዘበኛው እጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አውጥቶ ሲያየው የተያዘበት ቦታ ቀልቷል፤ የጣት ምልክት ነው። ይቆጥራቸዋል፤ ስድስት ናቸው። በጨርቅ የጠቀለለው ለዚህ ነው።

ከበሩ ማዶ የነበረው እጅ የኔ ነው። መብራቱን ለሌላ ሰው ሰጥቼ፣ ከእንጨቱ በር ኋላ ተንበርክኬ የተዋናዩን ጣቶች ይዤ ነበር። ምልክቱንም ያተምኩት እኔ ነኝ፤ ቀይ ቀለም መዳፌ ላይ ቀብተው አምስቱን ከያዝኩ በኋላ፣ ትንሿን ጣቴን ትንሽ ዝቅ አድርጌ ደገምኳት።