ከባቄላው ሥር እስከ ገበታው

ውድ ወጣቶች፣

ሳይንስ ሳስተምር ፀጉሬ ሸብቷል። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት እንደ አንድ ቀን ትምህርት የምወደው የለም፤ ባቄላ ከነሥሩ ነቅለን አፈሩን የምናራግፍበትን ቀን። ሥሩ ላይ እንደ ዶቃ የተሰካኩ ትናንሽ እብጠቶች ታያላችሁ። አንዷን በጥፍራችሁ ሰንጥቋት። ውስጧ ቀላ ያለ ከሆነ በውስጧ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ሥራ ላይ ናቸው። ያን ቅላት የሚሰጣት ደማችንን ከሚያቀላው ጋር የሚዛመድ ፕሮቲን ነው። ባክቴሪያዎቹ የአየሩን ናይትሮጂን ለተክሉ በሚስማማ መልክ ያዘጋጁለታል፤ እሱም በምላሹ ስኳር ይሰጣቸዋል።

የሰው ልጅ ይህንኑ ሥራ ለመሥራት ከ400 ዲግሪ በላይ ሙቀትና እጅግ ከፍተኛ ግፊት አስፈልጎታል። ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪትዝ ሃበር እ.ኤ.አ. በ1909 በቤተ ሙከራ አሳየው፤ ካርል ቦሽ በ1913 ፋብሪካ አደረሰው። ዛሬ ከዓለም ሕዝብ ግማሽ ያህሉ የሚኖረው በዚህ ዘዴ በተሠራ ማዳበሪያ በሚበቅል ምግብ እንደሆነ ይገመታል። ያው ዘዴ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለፈንጂ መሥሪያም ውሏል፤ ይህን ሳልነግራችሁ ባልፍ እውነቱን ማጉደል ይሆንብኛል።

አንድ ቀን ይህን አስተምሬ ስጨርስ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «መምህር፣ አየሩ የሁሉም ነው፤ ማዳበሪያውንም መሥራት ተችሏል። ታዲያ ሰው ለምን ይራባል?» አለችኝ። «ሕዝብ ስለበዛ ነው» ብዬ ወደሚቀጥለው ርዕስ አለፍኩ። ተሳስቼ ነበር፤ መሳሳቴን ያወቅሁትም ከሳይንስ መጻሕፍት ውጭ ማንበብ ስጀምር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1943 በእንግሊዝ ትገዛ በነበረችው ሕንድ፣ በቤንጋል ግዛት በደረሰው ረሃብ ከ2 እስከ 3 ሚሊዮን የሚገመት ሰው አልቋል። ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ የነበረው አማርቲያ ሴን የምጣኔ ሀብት ሊቅ ከሆነ በኋላ መዝገቦቹን መረመረ። በዚያ ዓመት የነበረው እህል ረሃብ ካልነበረበት ከ1941 እንደማያንስ አስረዳ። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወጪ የሩዝን ዋጋ ሲያንረው የቀን ሠራተኛው ደመወዝና የዓሣ አጥማጁ ገቢ አልተከተለውም። እህል በጎተራ እያለ መግዛት ያቃተው ሞተ። ከዚያ መቶ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ በአየርላንድም ድንቹን የፈጀው ሻጋታ መሰል ተሕዋስ ነበር፤ ሕዝብ እየረገፈ እህልና ከብት በመርከብ ወደ እንግሊዝ እንዲጫን የፈቀደው ግን ሰው ነው።

እዚህ ላይ ነው ልመክራችሁ የምፈልገው። ሳይንስ የምትወዱ ልጆች ፖለቲካን «የእኔ ሙያ አይደለም» ብላችሁ አትሽሹት። ሰው ለራሱ ከሚቀዳው ንጹሕ ውኃ 70 በመቶ ያህሉ ለእርሻ ይውላል፤ ውኃው ለማን ይድረስ የሚለውን የሚወስነው ፊዚክስ አይደለም። ከልክ በላይ የተበተነ ማዳበሪያ ወደ ሐይቅ ታጥቦ ገብቶ አልጌ ያበዛል፤ አልጌው ሲበሰብስ ኦክስጂኑ ያልቅና ዓሣው ይታፈናል። ይህን ኬሚስትሪ ያስተምራችኋል። ገበሬው ያን ያህል እንዲበትን ያደረገውን የድጎማ ደንብ ግን ራሳችሁ ፈልጋችሁ ማንበብ አለባችሁ። ፖለቲካውን የምትወዱትም ብትሆኑ አፈሩን ሳትነኩ ስለ ገበሬ አትፍረዱ፤ ይህ ስህተት ከመጀመሪያው ይልቅ ሲያበሳጨኝ ኖሯል።

እ.ኤ.አ. በ2022 ከቤት፣ ከምግብ ቤትና ከመደብር 1 ቢሊዮን ቶን ያህል ምግብ ተጥሏል። በዚያው ዓመት 700 ሚሊዮን ገደማ ሰው ተርቧል። «ሕዝብ ስለበዛ» ያልኩት መልሴ ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ፊት አይቆምም።

አሁን በየዓመቱ ባቄላውን ነቅለን ወደ ክፍል ስንመለስ የዚያችን ተማሪ ጥያቄ በራሷ ቃል ሰሌዳው ላይ እጽፈዋለሁ። ከዚያ ጠመኔውን አስቀምጬ ከኋላ መደዳ እቀመጥና ሲከራከሩ እሰማለሁ።