ከርነሉ «ያጋልጣል» ወይስ «ያወጣል»?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። የኮምፒውተር ተማሪ ነኝ። ከጓደኞቼ ጋር የሊኑክስ ከርነል (የኮምፒውተሩን መሣሪያዎች የሚያዘው የሥርዓቱ ዋና ክፍል) የሃርድዌር መረጃን እንዴት በፋይል እንደሚያሳይ የሚያስረዳ የአማርኛ ጽሑፍ እያዘጋጀን ነው። ገና መጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ተጣላን። እኔ «ከርነሉ የመሣሪያውን ባሕርያት በፋይል ያጋልጣል» ብዬ ጻፍኩ። አንዱ ጓደኛዬ ሳቀብኝ። ደግሞስ «ከርነል»ን «አስኳል»፣ «ድራይቨር»ን፣ ማለትም ከርነሉ ከአንድ መሣሪያ ጋር የሚነጋገርበትን ፕሮግራም፣ «ሾፌር» ብንለው ምን ይመስልዎታል? እባክዎ ይዳኙን።

መልስ፦ ሳቁን ባላደንቅለትም ጓደኛሽ እውነት አለው።

ነገሩ የሚጀምረው ከ«ገለጠ» ነው። መጋረጃ ይገለጣል። ብርድ ልብስ ይገለጣል። መጽሐፍም ገጹ ይገለጣል። በዚህ ሁሉ የሚጎዳ የለም። «አጋለጠ» ሲሆን ግን መደበቅ የፈለገ ወይም መጠለል የነበረበት ሰው ይመጣል። ሌባን ያጋልጡታል፤ ሕፃንን ለብርድ ያጋልጡታል። ስለዚህ «ከርነሉ የባትሪውን ባሕርይ አጋለጠ» ስትይኝ ባትሪው ምን ሰርቆ ነው እላለሁ። በእናንተ ሙያ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ስለ ኮምፒውተር ደኅንነት የሚጽፉት «ተጋላጭነት»ን ለክፍተት ወስደውታል። አንባቢሽ ገና ከመጀመሪያው መስመር ጠላፊ ገባ ብሎ ይደነግጣል።

ታዲያ ምን እንበል? እኔ «ያወጣል» እላለሁ። የፈተና ውጤት ወጣ፣ ጨረታ ወጣ፣ ማስታወቂያ ወጣ እንላለን። ውስጥ የነበረው ነገር፣ ሰው ሁሉ እንዲያየው ውጭ ተሰቀለ ማለት ነው። ከርነሉም የሚሠራው ይህንኑ ነው። «ከርነሉ የመሣሪያውን መገለጫዎች በፋይል ያወጣል።» አለቀ።

«ባሕርያት»ን ሳልነግርሽ ቀየርኩት፤ ይቅርታ። «ባሕርይ» ከባድ ቃል ነው። የነገረ መለኮት ሰዎች የማይለወጠውን ነገር የሚጠሩበት ነው። የስክሪን ብርሃን ግን ቁጥር ጽፈሽ የምትቀንሺው ነገር ነው። «ጠባይ»ም ብዙም አልወደድኩትም፤ ላፕቶፑ አመለኛ መሰለ። «መገለጫ» ይሻላል። እዚህ ላይ አንድ ጣጣ አለ። «መግለጫ» እና «መገለጫ» የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ነው። «መግለጫ» አንድ ሰው ስለ ነገሩ የሚሰጠው ቃል ነው። «መገለጫ» ደግሞ ገ ጠብቆ ሲነበብ ነገሩ ራሱ የሚታወቅበት ነው። «መክፈቻ» እና «መከፈቻ» እንደሚለያዩት ማለት ነው። በጽሑፋችሁ ሁለቱም መምጣታቸው አይቀርም፦ መገለጫው ፋይሉ ነው፣ መግለጫው እናንተ ስለ ፋይሉ የምትጽፉት ነው። አራሚያችሁ ዓይኑ ንቁ ይሁን።

(በነገራችን ላይ «ገለጸ» እና «ገለጠ» ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። ጾምን ጦም፣ ጸሎትን ጠሎት የሚለው አፋችን ያመጣው ልዩነት ነው። ኋላ ሥራ ተከፋፈሉ፤ አንዱ ለአፍ፣ አንዱ ለእጅ ሆነ።)

የመግለጫ ነገር ከተነሣ፣ ከቃሉ ምርጫ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እኔ የምኖረው ዓለም ገና ነው። ባለፈው ማታ መብራት ሲጠፋ የእህቴን ልጅ ላፕቶፕ ይዘን ተቀመጥንና ያልሽውን ነገር አሳየኝ። «ሲስ» ከሚባለው ማውጫ (ፎልደር) ገባ፤ ከዚያ ክላስ፣ ፓወር ሰፕላይ፣ ባት ዜሮ (ባትሪው መሆኑ ነው)፣ በመጨረሻ «ካፓሲቲ» የሚባል፣ ባትሪው የያዘውን በመቶኛ የሚናገር ፋይል። ከፈተው። 83 ይላል። ሌላ አንድም ፊደል የለም። ትንሽ ቆይቶ ሲከፍተው 82 ሆኗል። ማን ጻፈበት ብዬ ጠየቅኩት። ማንም አልጻፈበትም፤ ፋይሉ ዲስክ ላይ የለም፣ በተከፈተ ቁጥር ድራይቨሩ ተጠይቆ ነው የሚመልሰው አለኝ። አንድ ፋይል አንድ መጠን ብቻ ይይዛል፤ ደንቡ ነው። ከዚያ የሙቀቱን ፋይል ከፈተልኝ። 47000! «ልጄ፣ ይሄ ነገር ሳያቃጥለን ዝጋው» አልኩት። ለካ በሴልሺየስ ዲግሪ አንድ ሺኛ ነው የሚቆጥረው፤ 47 ዲግሪ ማለት ነው።

አየሽ፣ ፋይሉ መለኪያውን አይናገርም። ስለዚህ መግለጫው ካልተናገረ ማንም አይናገርም። «ሙቀቱን ያሳያል» ብሎ ማለፍ ምንም እንዳለመጻፍ ነው። በምን እንደሚለካ፣ ከስንት እስከ ስንት እንደሚሄድ፣ የሚነበብ ብቻ ይሁን የሚጻፍበትም፣ በአንድ መስመር ይግባ።

የከርነሉ ሰዎች እነዚህን መግለጫዎች በአራት ማውጫ እንደሚከፍሏቸውም ልጁ አሳየኝ። ስማቸውን እንዲህ ብትመልሱት ደስ ይለኛል፦ የጸና፣ በሙከራ ላይ ያለ፣ ሊቀር የተቃረበ፣ የቀረ። የመጨረሻውን አደራ «የወጣ» እንዳትሉት። «ያወጣል»ን ለሌላ ሥራ ቀጥረነዋል፤ «ፋይሉ ወጣ» ሲባል መጣ ወይስ ሄደ ብሎ የሚጨቃጨቅ አይጠፋም። «የጸና» የሚለው ደግሞ ለዘላለም ማለት እንዳይመስል፣ ቃል የተገባለት ቢያንስ ለ2 ዓመት መሆኑን አብራችሁ ጻፉ።

አሁን ወደ አስኳሉ። ቃሉ ቆንጆ ነው። የእንቁላሉም ነው፣ «የጉዳዩ አስኳል»ም እንላለን። አንድ ጊዜ መግቢያው ላይ «ከርነል፣ ማለትም የሥርዓቱ አስኳል» በሉና ከዚያ ወዲያ በ«ከርነል» ቀጥሉ። አንባቢያችሁ ስህተት ሲገጥመው ስክሪኑ ላይ የሚያየው ያንን ስም ነው። ስም ብትዋሱ ግድ የለኝም። ግሥ ሲሆን ነው የማልታገሠው፤ ስሙን ያላወቀ ይጠይቃል፣ ግሡን በስህተት የተረዳ ግን ገባኝ ብሎ ይሄዳል።

«ሾፌር»ን ተዉት። እሱም እኮ የተዋስነው ነው። ቱሉ ዲምቱ ላይ ቆመሽ «ሾፌር!» ብትዪ የአዳማ ኢሱዙ ነው የሚቆምልሽ።

የባትሪውን ፋይል እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «ባትሪው አሁን የያዘው የኃይል መጠን፣ በመቶኛ። ከ0 እስከ 100። የሚነበብ ብቻ።» ጓደኛሽ በዚህም ከሳቀ ጻፊልኝ።