ሚሎስ ስትሄዱ ዓሣው ይመዘንላችሁ

ሰላም እህቴ፣ ለባለቤትሽ ልደት ኒውዮርክ ያለው የግሪኮቹ ምግብ ቤት ሚሎስ ልትወስጂው አስበሽ «ዋጋው ያስደነግጣል ወይ? ምንስ እንዘዝ?» ብለሻል። አዎ፣ ውድ ነው። ግን አውቆ ለገባ ሰው ደስ የሚል ቤት ነው። ኮስታስ ስፒሊያዲስ መጀመሪያ ሞንትሪያል ላይ በፈረንጆቹ 1979 የከፈተው ነው፤ ማንሃተን የመጣው በ1997 ነው።

ዓሣው ሙሉውን በረዶ ላይ ተደርድሯል። ሄደሽ ራስሽ ትመርጫለሽ። ዓይኑ የጠራ፣ ስንጥቡ ደማቅ ቀይ የሆነውን ያዢ። ዋናው ነገር ግን ይሄ ነው፦ ሜኑው ላይ ያለው ዋጋ የአንድ ፓውንድ ነው፣ ማለትም የግማሽ ኪሎ ገደማ። የሚመዘነውም ከነጭንቅላቱ ከነአጥንቱ ነው። ስለዚህ ከማዘዝሽ በፊት «ይመዘንልኝ፣ ስንት ይመጣል?» በይ። ምንም ነውር የለውም። ሁለት ፓውንድ ላቭራኪ (ሲ ባስ የሚባለው የባሕር ዓሣ) ለሁለት ሰው ይበቃል። ፍም ላይ ተጠብሶ በወይራ ዘይትና በሎሚ ሲመጣ ሥጋው እርጥብ ነው፣ ሹካ ሲነካው ይለያያል። ሌላ ቅመም አያስፈልገውም።

ለመጀመሪያ ሚሎስ ስፔሻል የሚሉትን አንድ ብቻ አዝዛችሁ ተካፈሉ፤ ስስ ተደርጎ የተጠበሰ ዝኩኒና ደበርጃን ከዛዚኪ (የእርጎና የኪያር ማጥቀሻ) ጋር ነው። ቅርፊት የሌለው የባሕር ነገር የማትበሉ ከሆነ ኦክቶፐሱንና ሽሪምፑን እለፉት፤ ላቭራኪ ባለ ቅርፊት ነው።

በጀት ካጠረ ምሳ ሰዓት ሂዱ፣ ቁርጥ ዋጋ ያለው የምሳ ሜኑ አላቸው። ሒሳቡ ላይ 8.875 በመቶ ታክስና 20 በመቶ ገደማ ቲፕ ጨምረሽ አስቢ።