ኪው ይዛችሁ ዩ ላጣችሁ፦ የስክራብል ጥያቄና መልስ

ስክራብል ነጥብ ያላቸው የእንግሊዝኛ ፊደል ጠጠሮች ሰባት ሰባት ይዘን ቦርድ ላይ ቃል የምንሰራበት ጨዋታ ነው። ኪው (Q) ያለ ዩ (U) ብዙ ቃል ስለሌላት ሰው ሁሉ ኪው ሲደርሰው ወደኔ ስለሚሮጥ ዛሬ በቃ ቁጭ ብዬ የመጣውን ሁሉ ልመልስ ብያለሁ። የፈለጋችሁትን ጠይቁ። የምመልሰው በሰሜን አሜሪካው የቃል ዝርዝር ነው፣ እንግሊዝ ያላችሁ የናንተው ዝርዝር ሰፋ ስለሚል እኔ የለም ያልኩት እናንተ ጋ ሊኖር ይችላል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ኪው መጥታብኝ ዩ የለኝም፣ ሁሌ እስከ መጨረሻው ይዣት እቀራለሁ። ምን ላድርግ?

በመጀመሪያ ኪው እና አይ ብቻውን ቃል መሆኑን ያዝ። ሁለት ፊደል ነው፣ ቺ ተብሎ ይነበባል፣ ቻይኖች የሕይወት ኃይል የሚሉት ነገር ነው። እዚህ አሜሪካ የተፈቀደው በ2006 ነው፣ ከዛ በፊት እውነትም መከራ ነበር። ቀጥሎ ኪው ኤ ቲ፣ ይሄ ደግሞ የራሳችን ጫት ነው በአረብኛው ቃት ተብሎ የገባ፣ 12 ነጥብ አለው ተራ ቦታ ላይ ቢወድቅ እንኳን። በኬ የሚጻፈውም በኬ እና ኤች የሚጻፈውም ይሰራል፣ ጫት በሶስት አይነት ስፔሊንግ ማለት ነው። ዩ የሌላቸው የኪው ቃላት ብዙዎቹ ከአረብኛ ስለመጡ አረብ ሀገር የቆያችሁ ሰዎች ከማንም ትቀድማላችሁ፦ ኒቃብ፣ ቃዲ፣ ፈቂር። እስራኤል ያላችሁም አትቀሩም፣ ገንዘቡ ሸቀል በኪው ሲጻፍ ይሰራል፣ የዕብራይስጡ ፊደል ቆፍም በኪው ኦ ፒ ኤች አለ።

ጥያቄ፦ ከአማርኛ የገባ ቃል አለ እንዴ ወይስ ጫት ብቻ ነው የምንታወቀው 😂

ኸረ አለ! ጤፍ አለ፣ በቲ ኢ እና በሁለት ኤፍ፣ 10 ነጥብ። ንጉሥ አለ፣ ኤን ኢ ጂ ዩ ኤስ፣ የሚገርመው ግን እንግሊዞች በዚሁ ስፔሊንግ ከወይንና ከሙቅ ውሃ የሚሰራ መጠጥ አላቸው፣ እሱ ኔገስ ከሚባል ኮሎኔል ስም ነው የመጣው ከኛ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። እኔ የምወደው ግን ብር ነው። ቢ፣ አይ፣ ሁለት አር። ብዙ ቁጥሩን በኤስ ማድረግ ይቻላል፣ ግን መዝገበ ቃላቱ ውስጥ ሌላም ብዙ ቁጥር አለ፦ ብሮች! አዎ፣ ቢ አይ አር አር ኦ ቲ ሲ ኤች፣ በአማርኛው እርባታ ቁጭ ብሏል። ስለዚህ አንድ ሰው ቦርዱ ላይ ብር ብሎ ከጣለና ከኋላው አራት ባዶ ቦታ ካለ ኦ ቲ ሲ ኤች ቀጥልበት፣ ቃሉ በሙሉ እንደገና ይቆጠርልሃል፣ ነጥብ የሚያበዛው ባለቀለም ካሬ ባይነካ እንኳን 15 ነጥብ። ፈረንጁ መጀመሪያ ይስቃል፣ ከዛ ይሄ ቃል የለም ብሎ ቻሌንጅ ያደርግሃል፣ ከዛ ተራውን ያጣል።

ጥያቄ፦ ሰዎች ሰባት ፊደል አይተው ወዲያው ቃሉ የሚመጣላቸው እንዴት ነው? እኔ ፊደሎቹን ሳገላብጥ ጊዜው ያልቃል።

ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። ጎበዞቹ ቃሉን በስፔሊንጉ ብቻ አይደለም የሚይዙት፣ ፊደሎቹን በኤቢሲዲ ተራ ደርድረው ነው። ለምሳሌ ኤ ኢ ፒ አር ኤስ። ይሄን አምስት ፊደል ስታይ ትርፍ የሚለው ስፔር (እኛ ስኮርታ የምንለው ጎማ)፣ ጦር ማለት የሆነው ስፒር፣ ፍሬው ፒር በብዙ ቁጥር፣ ልጣጭ መላጥ የሆነው ፔር ከነኤሱ፣ ማጨድ የሆነው ሪፕ ከነኤሱ፣ ፕሮግራመሮች የሚያውቁት ፓርስ፣ ሁሉም ከዛው ከአምስቱ ነው የሚወጡት። እጅህ ላይ ያሉትን ሁሌ በተራ ደርድራቸው፣ አይንህ ያንን ቅርጽ ይለምደዋል።

ሰባት ላይ ስትደርስ ኤ ኢ አይ ኤን አር ኤስ ቲ የሚለውን ስብስብ በደንብ ያዘው። ሬቲናስ፣ ሪቴይንስ፣ ናስቲየር፣ ስቴይነር፣ የግሪኩ ወይን ሬትሲና፣ ሌላም አለ። እያንዳንዱ ፊደል አንድ አንድ ነጥብ ስለሆነ ደካማ ይመስላል ግን ሰባቱንም ባንዴ ከጣልክ 50 ጉርሻ አለ፣ 57 ሆነ። እኔ ተራ ሰጥቼም ቢሆን እነዚህን ፊደሎች ነው የምጠብቀው፣ ዜድ ይዞ ከሚኩራራ ሰው ይልቅ እነሱን የያዘውን ነው የምፈራው።

ጥያቄ፦ የኤስ ጠጠር ለምን አራት ብቻ ሆነ? እንግሊዝኛ ውስጥ እኮ ሞልቷል።

ሆን ተብሎ ነው። ጨዋታውን በ1930ዎቹ የፈጠረው አልፍሬድ በትስ የሚባል ስራ የፈታ የኒውዮርክ አርክቴክት ነው፣ ጋዜጣ ላይ ፊደል እየቆጠረ ነው የስንቱን ስንት የወሰነው። ኢ 12 ጠጠር ሆነች፣ ኪው አንድ ጠጠር። ኤስን ግን ቀነሳት፣ ሰው ሁሉ ኤስ እየለጠፈ ብዙ ቁጥር ብቻ እንዳይሰራ። ስክራብል የሚለውን ስም ያወጣለት ሌላ ሰው ነው፣ ጄምስ ብሩኖት፣ በ1948።

ጥያቄ፦ ልጄ 10 አመቷ ነው፣ እንግሊዝኛዋ እንዲሻሻል ብዬ ልግዛላት?

እህቴ፣ ስፔሊንጓ ይሻሻላል፣ ሂሳብም ትደምራለች፣ ንግግሯን ግን አይነካውም። ናይጀል ሪቻርድስ የሚባለው የኒውዚላንድ ሰው እኮ በ2015 የፈረንሳይኛውን የዓለም ሻምፒዮና ያሸነፈው ፈረንሳይኛ ሳይናገር ነው፣ ዝርዝሩን ሸምድዶ ገብቶ ነው። በ2024 ደግሞ በስፓኒሽ ደገመው። ለጨዋታነቱ ግዢላት፣ ለትምህርቱ መጽሐፍ ይሻላል።

ጥያቄ፦ አፍሪካዊ አሸንፎ ያውቃል?

እንዴታ! ናይጄሪያዊው ዌሊንግተን ጂገሬ፣ በዛው በ2015፣ አውስትራሊያ ፐርዝ ላይ፣ በእንግሊዝኛው። ከአፍሪካ የመጀመሪያው ነው።

ጥያቄ፦ የአማርኛ ስክራብል ቢሰራስ?

ሁሌ ይጠየቃል። ችግሩ 33 ሲባዛ በሰባት 231 ፊደል አለን፣ እንግሊዝኛው ደግሞ በ26 ፊደል 100 ጠጠር ነው ያለው። እጅህ ላይ ሰባት ጠጠር ይዘህ የመገጣጠም ዕድልህ ይመነምናል። ማገላበጡ ግን በአማርኛም ይሰራል፣ በተለይ ባለሁለት ፊደል ግሶች፦ ሰራ ብለህ ስትገለብጠው ራሰ፣ ቀና ናቀ፣ ለማ ማለ፣ ሰማ ማሰ። አንዱ ራብዕ አንዱ ግዕዝ የሆነበት ቦታ ሁሉ መሞከር ነው። ሰራን በንጉሡ ሠ ካልጻፍክ አልቀበልም የሚል ሰው ከመጣ ግን ጨዋታው እዛው ያበቃል።

ጥያቄ፦ አናባቢ ብቻ ደረሰኝ!!

ቦርዱ ላይ ዲ ካለችና ኦዲዮ ወይ አድዩ ከወጣልህ ጣል፣ ካልሆነ ጠጠሮችህን ከከረጢቱ ቀይር። ተራህን ታጣለህ ግን ከረጢቱ ውስጥ ቢያንስ ሰባት ጠጠር እስካለ ይፈቀዳል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ኦኬ ቃል አይደለም ብሎ ከለከለኝ፣ እውነቱን ነው?

ቤታችሁ ያለው መጽሐፍ መቼ እንደታተመ እይው። ኦ እና ኬ የገባው በ2018 ነው፣ ከዛ በፊት በታተመው ከሆነ የምትጫወቱት እሱ ልክ ነው፣ በአዲሱ ከሆነ አንቺ። ከመጀመራችሁ በፊት የትኛው መጽሐፍ እንደሚዳኛችሁ ተስማሙ። የቀራችሁ ነገ እመለሳለሁ፣ አሁን እራት ቀርቧል።