የጠፋው ልጅ ምሳሌና ባሕር የወሰደው ወንድሜ

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ በረከትዎ ይድረሰኝ። ታናሽ ወንድሜ የቤታችንን ዕዳ የሚከፍልበት ሥራ ፍለጋ ከጅቡቲው ኦቦክ ጠረፍ ተነሥቶ ወደ የመን ሲሻገር ጀልባዋ ተገልብጣ ሰጠመ። የተረፉት የመንደራችን ልጆች ሲሰጥም በዓይናቸው አይተዋል፤ አስከሬኑ ግን አልተገኘም። መርዶው ከተነገረን አምስት ወር ሆነን። በለቅሶው ላይ አንድ ሰው የጠፋውን ልጅ ምሳሌ አንሥቶ «የአባቱን ቤት ትቶ የሄደ ሰው መጨረሻው ይኸው ነው» ሲል እናቴ ሰማች። ከዚያ ወዲህ ያ ወንጌል ሲነሣ ተነሥታ ትወጣለች፤ ሌሊቱን ሙሉ የበረንዳውን መብራት አታጠፋም፣ በሩንም አትቀረቅርም። እረኛው በጉን አገኘ፣ ሴቲቱ የጠፋባትን ገንዘብ፣ ድሪሟን አገኘች፣ አባትም ልጁን አቀፈ፤ እኛ ግን አላገኘንም። ይህ ምሳሌ ለእኛ ምን ይላል? አስከሬኑ ላልተገኘ ሰውስ ፍትሐትና ተዝካር ይደረጋልን? እናቴንስ በሩን እንድትዘጋ ልገሥጻት?

መልስ፦ ልጄ፣ እግዚአብሔር የወንድምሽን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለእናትሽም መጽናናትን ይስጥልን። በለቅሶው ላይ የተነገረው ቃል ስሕተት ነው። ይህን ሳላለዝብ የምናገረው እኔም በዚያው ስሕተት ወድቄ ስለማውቅ ነው። ገና ወጣት ሰባኪ ሳለሁ፣ ከቤቱ ኰብልሎ በሰው አገር የሞተ ልጅ ለቅሶ ላይ ይህንኑ ምሳሌ አንሥቼ ስለ ኰብላይነት ሰበክሁ። በስብከቱ መካከል የልጁ እናት ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስባ ስትሸፈን አየሁ፤ አይቼም ቀጠልሁ። በማግሥቱ ይቅርታ ልጠይቃት ወደ ቤቷ ስሄድ እግሬ ከብዶኝ ነበር። እርሷ ይቅር ብላኛለች፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳሌ የሚነገረው ለማን እንደ ሆነ ሳልመረምር አላስተምርም።

ምሳሌ የሚሰጠው ሰሚው ራሱን እንዲያይበት ነው። ነቢዩ ናታን ለንጉሥ ዳዊት ስለ አንዲት ታናሽ በግ ነገረው። ያ ድሃ ከእርሷ በቀር ምንም አልነበረውም፤ ከእንጀራው ትበላ፣ ከዋንጫው ትጠጣ፣ በብብቱም ትተኛ ነበር፤ ባለጠጋው ግን ያንን የድሃ በግ ወስዶ ለእንግዳው አረደ። ዳዊት በባለጠጋው ላይ ተቈጥቶ በፈረደ ጊዜ ናታን «ያ ሰው አንተ ነህ» አለው። ምሳሌው የተነገረው ዳዊት በሌላ ሰው ላይ እንዲፈርድ ሳይሆን በራሱ ላይ እንዲፈርድ ነበር። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ያሉት ሦስቱ የመጥፋት ምሳሌዎችም እንዲሁ ናቸው፤ ጌታ የተናገራቸው «ይህ ሰው ኃጢአተኞችን ይቀበላል፣ ከእነርሱም ጋር ይበላል» እያሉ ያንጐራጕሩ ለነበሩት ፈሪሳውያንና ጻፎች ነው። እንግዲህ ጣት የሚቀስሩ ሰዎች እጃቸውን እንዲሰበስቡ የተነገረውን ቃል ወስዶ በሟች ላይ ጣት መቀሰሪያ ማድረግ ወንጌሉን ገልብጦ ማንበብ ነው።

ነገሩንም ቀርበሽ ብታዪው አይገጥምም። በምሳሌው ያለው ልጅ አባቱ በሕይወት ሳለ ድርሻውን ተቀብሎ፣ ሩቅ አገር ሄዶ ገንዘቡን የበተነ ነው፤ ወንድምሽ ግን የሄደው የቤቱን ዕዳ ሊከፍል ነው። ኃጢአት የሌለበት ሰው ነበር እያልሁ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ሰው የለም። ነገር ግን አሟሟቱ የኃጢአቱ መለኪያ አይደለም። የሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰዎችን በገደለ ጊዜ ጌታ በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ ይልቅ እነርሱ በደለኞች እንዳልነበሩ ተናግሮ፣ ንስሐን የጠየቀው በቆሙት ሰሚዎች ዘንድ ነው። ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰውም ደቀ መዛሙርቱ «ማን ኃጢአት ሠራ? እርሱ ወይስ ወላጆቹ?» ብለው ሲጠይቁ እርሱም ወላጆቹም እንዳልሆኑ ነገራቸው። በለቅሶ ቤት «ለምን እንዲህ ሆነ» ለሚለው መልስ አለኝ የሚል ሰው እነዚህን ሁለት ቦታዎች ደግሞ ቢያነብ መልካም ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄሽ ልምጣ፤ «እኛ ግን አላገኘንም» ብለሻል። ይህን ቃል ላስተባብልብሽ አልፈልግም፤ እውነት ነውና። ምሳሌዎቹ በዚህ ዓለም የጠፋብን ሁሉ ይመለስልናል ብለው ተስፋ አይሰጡም። እንዲህ ብለሽ ካነበብሻቸው ያላገኘ ሰው ሁሉ በደንብ ያልፈለገ ወይም እምነት የጐደለው ይመስልሻል፤ ይህ ደግሞ በኀዘን ላይ ሌላ ሸክም መጨመር ነው። በምሳሌው የሚፈልገው ማን ነው? እረኛው፣ ሴቲቱ፣ አባትየው፤ ሦስቱም የሚያሳዩን እግዚአብሔርን ነው። የጠፋነውም እኛ ነን። አባቶቻችን ሲተረጕሙ ዘጠና ዘጠኙ መላእክት ናቸው፣ አንዱ በግ አዳም ነው ይላሉ፤ እረኛው አዳምን ፍለጋ ከሰማይ ወርዶ ሥጋውን ለበሰ፣ እስከ መቃብርና እስከ ሲኦል ድረስም ሄደ።

ድሪሟን ተመልከቻት። አንድ ድሪም የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ ያህል ነው፤ ለድሃ ሴት ቀላል ገንዘብ አይደለም። በግ ሲጠፋ ይጮኻል፤ ልጅም ወደ ልቡ ሲመለስ ተነሥቶ ይሄዳል። ድሪም ግን በጨለማ ጥግ አፈር ለብሳ ስትተኛ «እዚህ ነኝ» ማለት አይቻላትም፣ መጥፋቷንም አታውቅም። የመገኘቷ ነገር ሙሉ በሙሉ በፈላጊዋ እጅ ነው፤ ሴቲቱም መብራት አብርታ፣ ቤቷን ጠርጋ፣ እስክታገኛት ድረስ ትፈልጋለች። ሙታን ሁሉ በዚህ እንደ ድሪሟ ናቸው፤ በተለይም መቃብር እንኳ ያላገኙት። ወንድምሽ ከእናንተ ዓይን ጠፍቷል፤ ለፈጣሪው ግን የተሰወረ ስፍራ የለውም። በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 20 «ባሕርም በእርሱ ውስጥ ያሉትን ሙታን ሰጠ» ተብሎ ተጽፏል። ከሞትና ከሲኦል አስቀድሞ ባሕር በስሙ ተጠርቶ የያዘውን እንደሚመልስ መጻፉን ለእናትሽ አንብቢላት።

ስለ ኢዮብም አንድ ነገር ልጨምር፤ ከጥያቄሽ ጥቂት ቢርቅም እናትሽን ያጽናናት ይሆናል። ኢዮብ ያጣው ከብት እጥፍ ሆኖ ተመልሶለታል፤ 7000 የነበሩት በጎች 14000፣ 3000 የነበሩት ግመሎችም 6000 ሆኑ። ልጆቹ ግን እጥፍ አልሆኑም፤ አስቀድሞ ሰባት ወንዶችና ሦስት ሴቶች ነበሩት፣ በኋላም የተሰጡት ሰባት ወንዶችና ሦስት ሴቶች ናቸው። መምህራን ይህን ሲያብራሩ ከብቱ ፈጽሞ ጠፍቶ ነበር፣ የፊተኞቹ ልጆች ግን በእግዚአብሔር ዘንድ ስላልጠፉ ከኋለኞቹ ጋር ተቈጥረው እጥፍ ሆነዋል ይላሉ።

አስከሬኑ ባይገኝም ጸሎት ይደረግለታል። ጸሎተ ፍትሐት ስለ ነፍስ ምሕረት የሚቀርብ ልመና ስለሆነ፣ በሩቅ አገር ለሞቱትም በክርስትና ስማቸው ይጸለያል። ሞቱን ያዩ ሰዎች ስላሉ ካህናቱም በጥርጥር አይቸገሩም። የክርስትና ስሙን ይዛችሁ ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂዱና የተባለውን ሁሉ ንገሯቸው፤ ሥርዓቱን እርሳቸው ያስፈጽሟችኋል። አርባውና ሰማንያው አለፈ ብላችሁ አትተዉ፤ የመንፈቁ መታሰቢያ ከፊታችሁ ነው፣ ሙት ዓመቱም አለ። ነገር ግን ዕዳ ሊከፍል በሄደ ልጅ ስም ሌላ ዕዳ ገብታችሁ ድግስ አትደግሱ፤ ይህን አጥብቄ እለምንሻለሁ። ስሙን በቅዳሴ አስጠሩ፣ ከቤታችሁ ያለውን ጥቂት እንጀራ ለነዳያን አብሉ፤ ይበቃል።

እናትሽን አትገሥጪያት። ጌታ አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ ወደ መቃብሩ ሲሄድ አልቅሷል፤ ሲራክም በምዕራፍ 38 ለሞተው እንባ እንድናፈስስ ያዝዛል፣ ደግሞም ኀዘን ልባችንን እንዳይጥለው ያስጠነቅቃል። ስለዚህ እንቅልፍና ምግብ ከተዋት፣ ወይም ከሰው ጋር መነጋገር ካቆመች፣ ወደ ሐኪም ውሰጃት፤ ይህ ከእምነት ጋር አይጣላም። መብራቷ ግን የአለማመን ምልክት አይደለም። ልጁን ገና ሩቅ ሳለ ያየው አባት መንገዱን ሲመለከት የነበረ ነው፤ ድሪሟን የፈለገችውም ሴት መብራት አብርታ ነው። ያንን ወንጌል ለመስማት ከሁሉ ይልቅ የቀረበችው እርሷ ሆና ሳለ፣ የሰው ቃል ከቅጽሩ አስወጥቷታል። ከንስሐ አባታችሁ ጋር ሆናችሁ ምዕራፉን በቤቷ፣ በዚያው በረንዳ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡላት። በሩን ግን እርሷ ራሷ እስክትቀረቅረው ድረስ ማንም አይቀርቅርባት።